በፈቲያ መስመር ላይ የተማረችው ሐያት

ሲሸኙኝ ሰዓት ሸለሙኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በደወል ስትነሳና ስትቀመጥ ለኖረች አስተማሪ፣ ጡረታ በወጣች ማግሥት ሰዓት ምን ይሠራላታል? ያውም የወርቅ ቅብ። አመስግኜ ተቀበልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የመጨረሻ መውጫ ፈቃዴ፣ እዚህ ኹሩጅ የምንለው፣ ወጥቶልኛል፤ ከደማም የምነሳበት ቀንም ተቆርጧል። ወጣቶቹ አስተማሪዎች ግን "ቲቸር ዘይነባ፣ ሳይሄዱ ልምድዎን ይጻፉልን" ብለው ያዙኝ።

ልምድ የሚሉት ነገር ግማሹ ስሕተት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ስሕተቴን ደብቄ ምን እንዳመጣ ስላየሁ ሁለተኛ አልደብቅም። የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ ወደ እሷ እስክደርስ ትንሽ ታገሡኝ።

ሥራ የጀመርኩት በሃያ ዓመቴ፣ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ነው። አለቃዬ የነበሩት ርዕሰ መምህር ደወሉን ከራሳቸው በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር። ደወላችን የመኪና ቸርኬ ስለነበር ሲመቱት አገር ይሰማል። አንዱ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ አስተምር ነበር። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ያገሬ አስተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት እናቴ ታማ መድኃኒቷ ከአቅሜ በላይ ሲሆን ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኾበር ተሻገርኩ።

አል ዑለያ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኛነት ገብቼ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። እኔ ወጥ ቤት ሳጸዳ ሦስቱ ልጆቿ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራቸውን ዘርግተው ይጣላሉ። አንድ ቀን እጄን አደራረቅኩና "ያላ፣ ኢቅራ!" እያልኩ አስነብባቸው ጀመር። አስተማሪነት እንደ ጉንፋን ነው፤ አልያዘኝም ብትል ያስነጥስሃል። ልጆቹ የየራሳቸው መጽሐፍ፣ የየራሳቸው ጠረጴዛ፣ በዚያ ላይ በሳምንት ሁለቴ እቤት የሚመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበራቸው። ጎበዞች ነበሩ፤ ሐይቅ ካስተማርኳቸው ሰማንያዎቹ ግን አይበልጡም። ብረት ድስት እየፈተግኩ ያሰብኩት ይህንን ነበር። ልጆቹ እኩል ናቸው፤ ፊታቸው የሚቀመጥላቸው ነገር ግን እኩል አይደለም። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባብኝ በኋላ አልወጣልኝም።

ውሌ ሲያልቅ ማዳም የዝውውር ወረቀቴን ፈረመችልኝ። ራካ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሐበሾች በተከራዩት ቪላ የተከፈተ ትምህርት ቤት አስተማሪ ይፈልግ ነበርና እዚያ ገባሁ።

ትምህርት ቤቱ የሚተዳደረው በወላጆች ክፍያ ነው። ጠዋት የኩባንያ ሠራተኞች ልጆች ይማራሉ፤ የእነሱን ክፍያ የአባቶቻቸው መሥሪያ ቤት ይችላል። ከሰዓት በኋላ የሹፌሮች፣ የወደብ ጫኝና አውራጆች፣ የቤት ሠራተኞች ልጆች ይመጣሉ፤ እነሱ የሚከፍሉት ግማሹን ነው። የኮሚቴው ደንብ አጭር ነበር፤ እያንዳንዱ ፈረቃ በከፈለው ልክ ያገኛል። ስለዚህ ጠዋት ለአንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ፣ ከሰዓት ለሠላሳ አራት ልጅ አራት መጽሐፍ። ጠዋት ማይክሮስኮፑ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ እኛ ስንገባ ቁም ሣጥኑ ይቆለፋል። ክፍሉም ሰሌዳውም አየር ማቀዝቀዣውም ያው ነው። ከሰዓት የሚመጣ ልጅ ጠዋት ምን እንደነበረ የሚያውቀው ሰሌዳው ላይ ሳይጠፋ ከቀረ ሥዕል ብቻ ነው።

የሙያ አባቴን ያገኘሁት በዚያ የከሰዓት ፈረቃ ነው። ኡስታዝ ሰዒድ ይባላሉ። ልጅ ሳሉ ወሎ ቂርአት ቤት፣ ቁርኣንና ኪታብ በሚማሩበት፣ አድገው፣ ኋላ የሳይንስ አስተማሪ ሆነው፣ እዚህ ሲመጡ ደግሞ ጠዋት የደማም ወደብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይቆጥሩ ነበር። ከወደብ በቀጥታ ስለሚመጡ ጫማቸው ላይ ሁልጊዜ የሲሚንቶ ብናኝ አለ። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አራቱን የሳይንስ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ምላጭ አወጡ። የአንዱን ሽፋን ላጡና ከጀርባው ያለውን ክር አንድ በአንድ ይበጥሱ ጀመር።

"ኡስታዝ! ኧረ በአላህ! ያለን አራት ብቻ እኮ ነው!"

"አራት ስለሆነ ነው የምፈታው" አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። "ቂርአት ቤት ሳለን ኪታቡ አንድ፣ ደረሳው አርባ ነበር። ሸኻችን ኪታብ አያስጠርዙም። አንዱ ደረሳ መጀመሪያውን፣ አንዱ መሐሉን፣ አንዱ መጨረሻውን ይዞ ሁሉም በአንድ ቀን ያነባል። የተጠረዘ ኪታብ የአንድ ሰው ነው፣ ዘይነባ።"

ክሩ ሲበጠስ እያንዳንዱ መጽሐፍ ዘጠኝ ጥራዝ ሆነ፤ በአራቱ ሠላሳ ስድስት። ለሠላሳ አራቱም ልጅ ደርሶ ሁለት ተረፈ። አንድ ልጅ ጥራዙን ሦስት ቀን እቤቱ ያሳድረዋል። ከዚያ ያንኑ ጥራዝ ከያዙት ሌሎች ጋር ቆሞ ለክፍሉ ያስረዳል፤ ቀጥሎ ይለዋወጣሉ። ኮሚቴውን የሚመሩት ኢንጂነር ከማል አንድ ቀን ብቅ ብለው አዩና "እንግዲህ ከሰዓቶቹ እውነተኛ ጥራዝ ነጠቅ ሆኑላችሁ" ብለው ሳቁ። ልጆቹም ወደዱትና እርስ በርሳቸው "አንተ ጥራዝ ነጠቅ" እየተባባሉ ከረሙ።

ኡስታዝ ፍንክች የማይሉባቸው ልማዶች ነበሯቸው። ጥራዝ የመለሰ ልጅ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ በእርሳስ ስሙንና ያባቱን ስም ይጽፋል፤ ከሥሩ ደግሞ "ያልገባኝ" ብሎ ያልገባውን። ያልገባው ነገር ከሌለው ልጅ ጥራዙን አይቀበሉም፤ "አላነበብክም ማለት ነው፣ ውሰደው" ይሉታል። ጥያቄውን እሳቸው አይመልሱም። ያንን ጥራዝ ቀጥሎ የሚያነብ ሰው ነው መልስ ይዞ መምጣት ያለበት። ዓመቱ ሲያልቅ ከወደብ ባመጡት የጆንያ መርፌ መጻሕፍቱን መልሰው ይሰፋሉ፣ ለከርሞ እስኪፈቱ። እኔንም ሲያስተምሩኝ "አዲስ ቀዳዳ አትብሺ፣ በአሮጌው ሂጂ፤ ወረቀቱ ይደክማል" ይሉኝ ነበር። መርፌውን ከውስጥ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ክሩን ሳያጠብቁ ሳያላሉ መሳብ፣ ቋጠሮውን ከመሐል ጥራዝ ውስጥ መደበቅ፣ ይህን ሁሉ ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

ሐያት የመጣችው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። እናቷ ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ ኾበር ቤት ለቤት እየዞረች ታጸዳለች። ካፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪ፣ ከሥራ ጠፍታለች ብሎ አስመዝግቦባታል፤ ሁሩብ ይሉታል፤ ሁሩብ የሆነ ሰው ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም። ልጇ እዚሁ ተወልዳ ዐሥር ዓመት ሲሞላት አንድም ወረቀት የላትም።

"ቲቸር፣ ኢቃማ ማፊ፣ የለንም" አለችኝ ዘሃራ፣ ሳልጠይቃት። "ልጅቷ ግን ሙሽኪላ የላትም፣ አታስቸግርም። ወላሂ ድምፅዋ አይሰማም። አንድ ጥግ ብታስቀምጫት..."

ለልጅቷ አንድ ገጽ ሰጠኋት። እናቷ ካስቆጠረቻት ፊደል በቀር ትምህርት ቤት አልረገጠችም፤ ግን ሳትደናቀፍ አነበበችና "'ትነት' ማለት ውሃው የት ሄደ ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ የምትጠይቅ ልጅ እንዴት ተደርጋ ትመለሳለች? ግን በየትኛውም ትምህርት ቤት በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኢቃማ ነው፤ የእኛም ደንብ ያው ነበር። ያለ ኢቃማ ፎቶ ኮፒ ፋይል የለም፤ ያለ ፋይል መዝገቡ ላይ መስመር የለም።

ያኔ ነው ብልጥ የሆንኩት። ፈቲያ ዑመር የምትባል የሐያት እኩያ በዚያ ክረምት ከቤተሰቧ ጋር ኮምቦልቻ ገብታ ነበር። ፋይሏ ገና ከሣጥኑ አልወጣም፤ ስሟም ከመዝገቡ አልተሰረዘም። እኔ ሐያትን ፈቲያ መስመር ላይ አስቀመጥኳት። ማንን ይጎዳል? ባገራችን ልጅ የጎረቤት ልብስ ለብሶ ለዒድ ይወጣል፤ ስምም እንደዚያ መሰለኝ።

ኡስታዝ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

"ወንበሩን ስጫት፣ ስም ግን አታውሺያት።"

"ያለ ስም ወንበር አይሰጡም እኮ፣ ኡስታዝ። አንቱም ያውቃሉ።"

"እንግዲያው ኮሚቴው ፊት ቁሚና ለልጅቷ ጠይቂ።"

"እምቢ ቢሉስ?"

"እምቢ ካሉ እምቢታቸውን ይዘሽ ደግመሽ ትቆሚያለሽ።"

አልቆምኩም። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አራት ዓመት ሙሉ ስም ስጠራ "ፈቲያ ዑመር" እላለሁ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ፀጥታ ይሆናል፤ ከዚያ ሐያት "አቤት" ትላለች። ያቺ ፀጥታ አራት ዓመት ሙሉ አልቀረችም።

በመጀመሪያው ፈተና ወረቀቷ ላይ "ሐያት ኑርዬ" ብላ በሚያምር እጇ ጻፈች። ላጲስ ሰጠኋት።

"አጥፊው" አልኳት።

"ስሜን?"

"አዎ፣ ስምሽን።"

ወረቀቱ እስኪሳሳ ፈተገችው። ብናኙን እኔው እፍ ብዬ አራገፍኩላት፣ እንደ ደግ ሰው። በአስተማሪነቴ ልጆችን ብዙ ነገር አስጠፍቻለሁ፤ ሳስበው ዛሬም የማፍረው በዚህ ነው።

በኡስታዝ ጥራዞች ላይ ግን ሐያት ብላ ነበር የምትጽፈው። እሳቸው ናቸው ያዘዟት። "ሰው ቢያይስ?" ብላቸው "መዝገቡ የኮሚቴው ነው፣ ጥራዙ የአንባቢው ነው" ብለው ዝም አሰኙኝ። የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ ተውኩት።

ሐያት ስምንተኛ ክፍል ስትገባ ኡስታዝ ኹሩጅ ወጥቶላቸው አገራቸው ገቡ። የሳይንሱን ክፍልም የጆንያ መርፌውንም ለእኔ አስረከቡ። "ከመስፋትሽ በፊት ያልገባቸውን አንብቢ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የፈተና ሰሞን ነበር፤ ጥራዞቹን ሰብስቤ አንዱንም ሳላነብ ሰፋሁ። ስፌቱ ቆንጆ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከአገር ቤት ይላካል፤ ውጤቱም እዚያው ይመዘገባል። በዚያ ክረምት ወረቀት ለሌላቸው ምሕረት ወጥቶ ዘሃራ ልጇን ይዛ አገሯ እንድትገባ ተፈቀደላት። ሐያትን ኮምቦልቻ ዘጠነኛ ክፍል ለማስገባት የውጤት ወረቀቷን ልትወስድ ከልጇ ጋር መጣች። ወረቀቱ "ፈቲያ ዑመር፣ አልፋለች" ይላል። እኔ "እዚያ ስትደርሱ ይስተካከላል" እያልኩ ሳጽናናት ስልኬ ጮኸ። የእውነተኛዋ ፈቲያ አባት ነበሩ።

"ቲቸር ዘይነባ፣ ልጄን ሁለት አገር ተፈትናለች ብለው ውጤቷን አገዱባት" አሉኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "አራት ዓመት እዚሁ ከጎኔ ያልተለየች ልጅ! ምን አድርገዋት ነው?"

አንዷን ልጅ ያለ ውጤት፣ ሌላዋን ያለ ስም አስቀርቻለሁ። ዘሃራ ከእኔ አፍ ሰምታ የልጇን ፀጉር ደጋግማ ዳበሰች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

የኮሚቴው ስብሰባ ከጁምዓ በኋላ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ገብቼ የአራት ዓመቱን የሳይንስ መጻሕፍት አወጣሁ። አንድ በአንድ ስገልጥ ሠላሳ አንድ ቦታ ላይ "ሐያት ኑርዬ" የሚል ጽሕፈት አገኘሁ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እጇ እያደገ ሲሄድ ይታያል። አንዱን፣ ራሴ የሰፋሁትን፣ ሳነብ ግን ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ስብሰባው ላይ ዕድል ጠይቄ ቆምኩ። ያደረግኩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ዘሃራን አልከሰስኩም፣ ኡስታዝንም አልጠራሁም። ኢንጂነር ከማል ጠረጴዛውን በእርሳስ ይመቱ ነበር፤ እርሳሱ ቆመ።

"ይህ ነገር ፈቃዳችንን ሊያስነጥቀን እንደሚችል ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"ደብዳቤ እንጻፍ ብንል እንኳ ሐያት የምትባል ልጅ እዚህ ስለመማሯ ምን ማስረጃ አለ? መዝገባችን ላይ እንደሆነ የለችም።"

መጻሕፍቱን ፊታቸው ደረደርኩ። የጠዋቶቹ መጻሕፍት እያንዳንዳቸው የአንድ ልጅ ስለነበሩ ከዓመቱ ጋር እየተወሰዱ ሄደዋል። የእኛዎቹ ግን በየገጹ ግርጌ ስንት ልጅ እንዳነበባቸው ይናገራሉ። የመጨረሻውን ራሴ ገልጬ ሰጠኋቸው፤ "ከፍ አድርገው ያንብቡልኝ" አልኩ።

ኢንጂነሩ አነበቡ። "ሐያት ኑርዬ። ያልገባኝ፦ ፈቲያ ካለፈች እኔ አለፍኩ ማለት ነው?"

ገጹን ሳይዘጉ "ማን መለሰላት?" አሉኝ።

"ማንም። ቀጣይዋ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ሳላነብ ሰፋሁት።"

ኮሚቴው ለአገር ቤቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እውነቱን ጻፈ። እኔን አንድ ሴሚስተር ከክፍል አገደኝ፤ ተገቢ ነበር። ፈቲያ ውጤቷ ተለቀቀላት። ሐያት ግን በስሟ የተፈተነችው ፈተና ስላልነበረ፣ ጥራዞቹ ታይተው ስምንተኛ ክፍልን እንድትደግም ብቻ ተፈቀደላት። ስልክ ደውላ "አንድ ዓመት ምንም አይደለም፣ ቲቸር" አለችኝ። "ምንም አይደለም እንዳትይኝ፤ እኔ ነኝ የበላሁብሽ" አልኳት። አልቅሻለሁ፤ የሚያፍር ይፈር።

ልቅሶ ግን መጽሐፍ አይገዛም። የታገደ ሰው ጊዜ አለውና የወላጆችን ቤት በር አንኳኳሁ፤ ራካ፣ ደማም፣ ኾበር፣ የጠዋቶቹንም የከሰዓቶቹንም። የምለው አንድ ነገር ነበር፤ ክፍያው እንደየአቅሙ ይሁን፣ ገንዘቡ ግን አንድ ቋት ይግባ፣ ከቋቱም ለልጅ ሁሉ እኩል ይወጣ። አንዱ የጠዋት አባት "የልጄን መጽሐፍ ለሌላ ልጅ ልግዛ?" አሉኝ። "ማይክሮስኮፑስ ከሰዓት ሌላ ልጅ ቢያይበት ለልጅዎ ያንሰዋል እንዴ?" አልኳቸው። በሩን ዘጉብኝ። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። በሦስተኛው ሻይ አቀረቡልኝ፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም።

እኔም ኮሚቴው ፊት ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ሁለቴ እምቢ አሉኝ፤ እምቢታቸውን ይዤ ደግሜ ቆምኩ። በሦስተኛው፣ በጥቂት ድምፅ ብልጫ፣ አንድ ቋት ሆነ። ሁለት ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወጣ። በዚያው ቀን ሌላ መዝገብም ተከፈተ። በእሱ ላይ ኢቃማ የሌለው ልጅ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ይቀራል፤ የስሙ ቦታ ግን ባዶ አይቀርም። አሁን በሁለቱም ፈረቃ ለአንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ አለ፤ የቁም ሣጥኑም ቁልፍ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። እኔ ግን በየዓመቱ አራት መጽሐፍ ከመፍታት አልቦዘንኩም፤ ጥያቄዎቹንም ከመስፋቴ በፊት አነባለሁ።

ፈቲያም አባቷም አፉ ብለውኛል። ኡስታዝ ሰዒድ አገራቸው ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ሐያት ደሴ የመምህራን ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት፤ ሳይንስ ነው የያዘችው።

ባለፈው ሐሙስ የመጨረሻ የከሰዓት ክፍሌ ነበር። ስም ልጠራ መዝገቡን ስከፍት ሐያት ደወለች፤ "ዛሬ የመጨረሻሽ ነው አሉኝ፣ ልሰናበትሽ ብዬ ነው" አለች። "ቆይ፣ እንዳትዘጊ" አልኳትና ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠራሁ። የኢቃማ ቁጥር ያላቸውም የሌላቸውም "አቤት፣ አቤት" እያሉ አለፉ። ዝርዝሩ አለቀ። መዝገቡን አልዘጋሁትም።

"ሐያት..." አልኩ።

የአባቷን ስም ሳልጨምር "አቤት!" አለች።